ፈንጂውን ማን ያንሳ

ሸጋውን የገደለው ፈንጂ የፈነዳው ጣልያን መተማን ለቅቆ ወደ ጭልጋ ካፈገፈገ በኋላ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ሸጋው ከነቤተሰቡ ሱዳን ተሻግሮ ዶካ ላይ ከርሞ ነበር። የካቲት 1933 ላይ ሰዉ ሁሉ “አገር ነጻ ወጣ” እያለ ወደየቀየው ሲመለስ፣ እሱም ከሚስቱ ከአገኘሽና ከአማቱ ከአያ ያረጋል ጋር ኮኪት ገባ። ጎጆው ተቃጥሎ ጠበቀው። ማሳው ግን ነበረ፤ ከመኪናው መንገድ ጥግ የተዘረጋ፣ ባለፈው ክረምት ያልታረሰ፣ ሣር የዋጠው ጥቁር አፈር። ሣሩን ሊያቃጥል ክብሪት ይዞ ገባ። አገኘሽ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ ድምፁን ሰማች። ነጎድጓድ መስሏት ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ደመና የለም።

ከዚያ ወዲያ ማንም ማሳው ውስጥ አልገባም። ጣልያን ሲሸሽ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ዳርና ዳሩንም ፈንጂ ቀብሮበት እንደሄደ ታወቀ። የት የት እንደቀበረው ግን የሚያውቅ የለም።

አያ ያረጋል ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጃቸውን አስከትለው መተማ ዮሐንስ ድረስ ወረዱና ጀይሉን ፈለጉት። ጀይሉ የመተማ ነጋዴ ልጅ ነው። ዐረብኛውን አባቱ ሱቅ ውስጥ፣ እንግሊዝኛውን ገዳሪፍ ላይ አንድ የሙጫ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ ለምዷል። የሱዳን መንግሥት ከወንዙ ማዶ ባለችው ገላባት በቱርጁማንነት፣ ማለትም በአስተርጓሚነት፣ ቀጥሮት ነበር። እንግሊዞች መተማን ሲይዙ ደግሞ የገላባቱ ሹም መተማ ለተቀመጠው ካፒቴን አዋሰው። ስለዚህ ጠዋት ወንዙን ተሻግሮ ለአንዱ፣ ከሰዓት ተመልሶ ለሌላው ያስተረጉም ነበር። ማታ ቤቱ ሲገባ ምላሱ እንደ ጫማ ቆዳ ይደርቅበታል፤ ሚስቱ ረቢዓ አንድ ነገር ብትጠይቀው እንኳ የሚመልሰው ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ነው።

“ጀይሉ ልጄ፣” አሉት አያ ያረጋል፣ “ያንተ ጌቶች መንገዱን ሲያጸዱ አይተናል። እኛም ማሳችንን እንዲያጸዱልን ንገርልን። ሌላ የምንለው የለንም።”

“እነግርላችኋለሁ አያ ያረጋል። ችግሩ ለማን እንደምነግር ነው።”

መጀመሪያ ወደ ገላባት ወሰዳቸው፤ እዚያ የሱዳን መንግሥት ሹም አለ፣ ሙፈቲሹ ይሉታል። ሙፈቲሹ እንግሊዛዊ ነው፤ ወባ ያመነመነው፣ ሱዳን ላይ ያረጀ ሰው። ከቢሮው ፊት ሁለት ባንዲራ ይውለበለባል፣ አንዱ የእንግሊዝ አንዱ የግብፅ፤ ሱዳንን በስም ሁለቱ በጋራ ነው የሚገዟት። ሽማግሌውን ወንበር ሰጥቶ፣ ሻይ አስቀድቶ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። ስለ ሸጋው ሲነገረው ባርኔጣውን አወለቀ።

“እጅግ አዝናለሁ፣” አለ። “ግን ኮኪት ከወንዙ ወዲያ ነው። እኔ የካርቱም መንግሥት ሹም ነኝ። ከወንዙ ወዲያ አንዲት ድንጋይ ባነሳ ካርቱም ‘በማን ሥልጣን?’ ትለኛለች። ካርቱም ብትተወኝ ደግሞ ካይሮ ትጠይቃለች። መተማ ያለውን ካፒቴን ጠይቁ።”

ካፒቴኑ ቀድሞ የጣልያን ጉምሩክ በነበረው ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ጣራው ግማሹ በመድፍ ተነስቶ በሸራ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ከካርቱም የመጣ ትእዛዝ አለ፣ ከናይሮቢ የመጣ ሌላ ትእዛዝ አለ፤ ሁለቱ አይስማሙም። ሥራው ከጣልያን የተያዘውን አገር ሌላ ባለቤት እስኪረከበው ድረስ ማስተዳደር ነው። የተወለደው ደቡብ አፍሪካ ነው።

“ፈንጂ ማንሳት የሚችሉት ኮኪት ያሉት ህንዶች ናቸው፣” አለ። “እነሱ ግን የእኔ ወታደሮች አይደሉም። የህንድ ጦር ናቸው። የታዘዙትም መንገዱን እንዲያጸዱ ነው።”

ጀይሉ ይህን ሲተረጉምላቸው አያ ያረጋል ዱላቸውን ወለሉ ላይ አጋደሙና ወደ ካፒቴኑ ዞሩ።

“እስቲ ጠይቅልኝ። እነዚያ ህንዶች የማን ናቸው?”

“የንጉሣችን፣” አለ ካፒቴኑ።

“የገላባቱስ ሹም?”

“እሱም የንጉሣችን ነው። የግብፅ ንጉሥም እጅ አለበት።”

“አንተስ?”

“እኔም።”

“ታዲያ ንጉሡ አንድ ከሆነ፣ ለሦስት አሽከር አንድ ቃል መናገር ምን ይቸግረዋል በለው።”

ካፒቴኑ ዓይኑን በመዳፉ አሸ። “ሽማግሌው ልክ ናቸው፣” አለ። “ንጉሡ አንድ ነው፤ መንግሥቶቹ ግን ብዙ ናቸው። ንጉሡ ደግሞ ከራሱ ተነስቶ አያዝዝም። የየአገሩ መንግሥት የመከረውን ነው የሚለው። ህንድ ላይ እንደራሴ አለው፣ ካርቱም ላይ ጠቅላይ ገዥ አለ፣ በእኔ አገር ደግሞ የእኛው ሚኒስትሮች አሉ። ይህ ጦርነት ሲነሳ ንጉሡ ለንደን ላይ እሑድ ዕለት ጦርነት ገባ። በእኛ አገር ምክር ቤቱ ተከራክሮ እስኪቆርጥ ድረስ፣ እስከ ረቡዕ፣ ያው ንጉሥ ከጀርመን ጋር ሰላም ነበር። ያው ሰውዬ፣ ያው ዘውድ።”

ጀይሉ ቃል በቃል ተረጎመው። አገኘሽ ከበሩ ሥር ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታዳምጥ ነበር።

“ከእሑድ እስከ ረቡዕ ሰውዬው ለሁለት ተከፍሎ ነዋ የከረመ!” አሉ አያ ያረጋል። “እኛ ንጉሥ የምንለው ‘ጃን ሆይ!’ ብለው ሲጮኹበት የሚሰማውን ነው። የዚህኛው ጆሮው ወዴት ነው?”

ጀይሉ ይህንን ቀለል አድርጎ፣ “ንጉሡ ሩቅ ነው ይላሉ፣” ብሎ አስተላለፈው። በልቡ ግን ካፒቴኑ ሙሉውን ቢሰማ እንደማይቆጣ አውቋል። ሰውየው ለመቆጣት እንኳ ጉልበት አልነበረውም።

“መሬቱ የእናንተው ንጉሠ ነገሥት ነው፣” አለ ካፒቴኑ በመጨረሻ። “እሳቸው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ እየገሰገሱ ነው። የሾሙትን ሰው ጠይቁ።”

ንጉሠ ነገሥቱ የሾሙት ሰው ግራዝማች ውባንተ ናቸው። ከአርማጭሆ በረሃ ከወረዱ ገና ወር አልሞላቸውም። ጣልያን በነበረበት ዘመን ሁሉ ጫካ ነበሩ፤ ወንድማቸውን እዚያው ቀብረው መጥተዋል። ከከተማው ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቁርበት አንጥፈው ችሎት ይቀመጣሉ። ጠመንጃቸው ከጣልያን የተማረከ ነው፣ ካባቸው ተቀዷል። እግራቸው ቆስሎ በጨርቅ ተጠምጥሟል።

ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ “ያረጋል፣” አሉ፣ “መሬቱ ያንተ ነው፤ ይህን በማኅተም ላጸናልህ እችላለሁ። ማንም አይነካህም። ፈንጂውን ግን በምን ላንሳው? በሽመል? የኔ ልጆች ጣልያንን መግደል ነው የለመዱት እንጂ የቀበረውን ማውጣት አይችሉም።”

“እንግሊዞቹን ይዘዙልን እንጂ ግራዝማች!”

“እኔ የእንግሊዝን ወታደር?” ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም። “ተመሳሳይ ጥያቄ ይዤ ካፒቴኑ ዘንድ ሄጄ ነበር፣ ለሌላ ጉዳይ። ‘አገሩ የእናንተ ነው፣ አስተዳደሩ ለጊዜው የእኛ ነው’ አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ጀይሉን ብጠይቀው ‘እኔም አልገባኝም’ አለኝ። አይደለም ጀይሉ?”

“ነው ግራዝማች።”

የቀሩት ህንዶቹ ነበሩ። ኮኪት ላይ ከመንገዱ አጠገብ ድንኳን ተክለዋል። አብዛኛው ጦራቸው ወደ ኤርትራ ሄዶ፣ መንገዱን የሚጠብቁና የሚጠግኑ ጥቂቶች ብቻ ናቸው የቀሩት። አለቃቸው የጀማዳር ማዕረግ ያለው ህንዳዊ መኮንን ነው፣ ኢሳ ኻን ይባላል። የፑንጃብ ሰው ነው፣ እስላም ነው። ጀይሉን ባየው ቁጥር በዐረብኛ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ነው የሚግባቡት። አንዳንድ ቀን አብረው ይሰግዳሉ።

ኢሳ ኻን ጉዳዩን ሲሰማ ማሳውን ሄዶ ከዳር ቆሞ አየው። አፈሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

“ይነሳል፣” አለ። “ከዚህ የባሰ አንስተናል። የታዘዝኩት ግን መንገዱንና የመንገዱን ዳር ነው። ዳሩ የት ላይ ያልቃል? አላውቅም። ወደ አዛዦቼ ብልክ ኤርትራ ተራራ ላይ እየተዋጉ ነው፤ መልሱ ሲመጣ እኔ ወይ ተዛውሬያለሁ ወይ ሞቻለሁ። ካፒቴኑ ‘ይህ ማሳ የመንገዱ ዳር ነው፣ አጽዳ’ ካለኝ ግን ይበቃኛል። በቃልም ቢሆን ይላክልኝ።”

ጀይሉ ካፒቴኑ ስለ እሑድና ረቡዕ የተናገረውን አጫወተው። ኢሳ ኻን ሳቀ፤ ሳቁ ደስታ አልነበረውም።

“የሱ አገር ተከራከረ። እኛን ማንም አልጠየቀንም። እንደራሴው በዚያው ዕለት በራዲዮ ተናገረ፤ ህንድ ጦርነት ገባች። እኔ መንደሬ ነበርኩ፣ በፈቃድ። ሻይ ቤቱ ራዲዮ ሥር የተሰበሰበው ሰው ዝም ብሎ ተበተነ። በማግሥቱ ጓዜን ሸክፌ ተመለስኩ።”

ሚያዝያ ገባ። ሙቀቱ አፈሩን ሰነጣጠቀው፤ ቀን ቀን ወፍ እንኳ አይበርም። አያ ያረጋልና አገኘሽ ከኮኪት መተማ ይመላለሱ ነበር፣ አንዳንዴ በእግር፣ አንዳንዴ የህንዶች ካሚዮን ላይ ተጭነው። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። ሙፈቲሹ ወደ ካፒቴኑ፣ ካፒቴኑ ወደ ግራዝማች፣ ግራዝማች ወደ ካፒቴኑ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ አያ ያረጋልን ያደከማቸውም ይኸው ነበር። “ክፉ ሰው ባገኝ ተጣልቼ እገላገል ነበር፣” ይሉ ነበር ለጀይሉ።

አንድ ቀን አገኘሽ ብቻዋን መጣች። ጀይሉን ከጉምሩክ ቤቱ ደጅ ጠበቀችው።

“ጀይሉ፣ ካሁን ወዲያ አባቴን አታመላልሰው። ጉልበቱ አልቋል። በሬ ተውሼያለሁ። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ጠምጄ እገባለሁ።”

“አገኘሽ፣ እብድ ነሽ እንዴ?”

“ባሌ የሞተበትን መሬት ጦም አላሳድረውም። ዘንድሮ ካልዘራን የምንበላው የለንም፤ ዳግመኛ ዶካ ወርጄ በሰው ደጅ አልለምንም። ፈንጂው ካገኘኝ አገኘኝ።”

ይህንን ስትናገር ድምጿ ከፍ አላለም። ጀይሉን ያስፈራውም እሱ ነው። የሚጮህ ሰው ይመለሳል፤ እሷ አስባ ጨርሳለች።

ጀይሉ ወዲያው ወደ ካፒቴኑ ገባ። ካፒቴኑ ወባ ይዞት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይጽፍ ነበር።

“ሴትየዋ ልትገባ ነው። ጀማዳሩ የእርስዎን ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው።”

ካፒቴኑ ብዕሩን አስቀመጠ። “እኔ የህንድ ጦርን ማዘዝ አልችልም፣” አለ። “ባዝዝ ውሸት ይሆናል። ጀማዳሩ በራሱ ማሳው የመንገዱ አካል ነው ብሎ ካመነ ግን፣ አልቃወምም። ይህንኑ ንገረው። አልቃወምም በለው።”

ጀይሉ ካሚዮን ላይ ተጭኖ ወደ ኮኪት ሲሄድ ይህችን ቃል አፉ ውስጥ እያገላበጣት ነበር። አልቃወምም። ለኢሳ ኻን እንዲህ ቢለው ኢሳ ኻን ምን እንደሚመልስ ያውቃል፤ “አለመቃወም ትእዛዝ አይደለም፣ አልቃወምም ያለ ሰው ነገ አላውቅም ይላል” ነው የሚለው። ልክም ነው። በአርማጭሆ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጥቷል። ኮኪት ሲደርስ አገኘሽ ከማሳው ዳር የቀንበሩን ጠፍር እያጠበቀች ነበር። አያ ያረጋል ከጀርባዋ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

ኢሳ ኻን ከድንኳኑ ወጣ። “ምን አለ?”

“አጽዱ ብሏል፣” አለ ጀይሉ።

“በራሱ አፍ?”

“በራሱ አፍ።”

ጀማዳሩ ፊቱን አየው። ከዚያም ዞር ብሎ ሰዎቹን ጠራ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ወታደሮቹ በደረታቸው ተኝተው አፈሩን በሳንጃ ጫፍ በዝግታ እየወጉ ወደፊት ይሳባሉ። ሳንጃው ብረት ሲነካ ይቆማሉ፣ በጣታቸው ዙሪያውን ይጭራሉ፣ ፈንጂውን እንደ እንቁላል አቅፈው ያወጡታል። የኮኪት ሰው ሁሉ ርቆ ቁጭ ብሎ ያያል። አገኘሽ አንድ ፈንጂ በወጣ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። ዝናቡ ማታውን ወርዶ መሬቱን አለሰለሰው፤ ሥራውንም አፈጠነው። እንዲህ እያሉ የማሳውን አብዛኛውን ክፍል ጨረሱ።

የቀረው ከማዶ ያለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ያለው ቁራጭ ብቻ ነበር። እዚያ ሥሩ ከአፈሩ ጋር ተጠላልፏል፣ ሳንጃው ሥርና ብረት አይለይም። ኢሳ ኻን ሰዎቹን አቁሞ እሱ ራሱ ተኛ። ጀይሉ መንገዱ ላይ ቆሞ ያየው ነበር። ጀማዳሩ እጁን ወደፊት ሲዘረጋ አየው፤ ቀጥሎ አቧራው ተነሳ፤ ድምፁ ከአቧራው በኋላ የመጣ ያህል ተሰማው።

አልሞተም። ቀኝ እጁ ግን ከክንዱ በታች አልነበረም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከገዳሪፍ አንድ ሻለቃ ለምርመራ መጣ። “ማሳው ውስጥ ግቡ ብሎ ያዘዘው ማን ነው?” ሲል ጠየቀ። ካፒቴኑ “እኔ አላዘዝኩም” አለ፤ እውነቱን ነው። ጀይሉ ሌላ ሰው እስኪጠየቅ አልጠበቀም።

“እኔ ነኝ። ካፒቴኑ ‘አልቃወምም’ አለ፤ እኔ ‘አጽዱ ብሏል’ ብዬ ተረጎምኩ። አውቄ ነው።”

ካፒቴኑ ቀና ብሎ አየው።

እንግዲህ ጀይሉን ማን ይቅጣው የሚለው ነገር ተነሳ። ሻለቃው፣ “ወታደር ቢሆን እኔ እፈርድበት ነበር፤ ወታደር አይደለም፣” አለ። ሙፈቲሹ፣ “ደመወዙ ከእኔ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከወንዙ ወዲያ ነው፣ የሱዳን ሕግ እዚያ አይደርስም፣” ሲል ላከ። የካፒቴኑ አስተዳደር ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያቋቁመው አዋጅ ገና እየተጻፈ ነበር። ግራዝማች ውባንተ ተጠየቁ።

“የአውራጃው ዳኛ መቀመጫው ጎንደር ነው፣” አሉ። “ጎንደር ደግሞ እስካሁን ጣልያን እጅ ናት። ልላከው?”

የሰሙት ሳቁ። ጀይሉ አልሳቀም። ያ ሁሉ ሰው ለአያ ያረጋል ሲሰጥ የነበረው መልስ ዛሬ እሱን እያዳነው እንደሆነ ገብቶታል፤ በመዳኑም አፈረ። ከመተማ እንዳይወጣ ብቻ ተነግሮት ተለቀቀ።

ኢሳ ኻን ገላባት ላይ በሕክምና ድንኳን ተኝቶ ነበር። ጀይሉ ሙፈቲሹን አስፈቅዶ ሊጠይቀው ሄደ። ብርቱካን ይዞለት ነበር፤ አልጋው ዳር ካስቀመጠው በኋላ ነው በአንድ እጅ እንደማይላጥ ትዝ ያለው። ተቀምጦ ይልጥለት ጀመር።

“ካፒቴኑ እንዳላዘዘ አንተ እንደነገርካቸው ሰማሁ፣” አለ ኢሳ ኻን።

“ነግሬያለሁ።”

“ስለ እውነት ብለህ?”

“አዎ።”

“እውነትህ እኔን ምን እንዳደረገኝ ነግረውሃል?” ጀማዳሩ ወደ ጣራው እያየ ነበር የሚናገረው። “ትእዛዝ ከሌለ እኔ ነኝ በራሴ ሰዎቼን ፈንጂ ውስጥ ያስገባኋቸው። ለፍርድ ያቀርቡኛል። ማዕረጌን ይገፉኛል። አባቴ በዚህ ንጉሥ አባት ዘመን አገልግሏል፤ አያቴም። እኔ እጄን ጥዬ፣ ማዕረጌንም ጥዬ፣ መንደሬ ልግባ? ‘እጅህን የት አጣህ?’ ሲሉኝ ምን ልበል? ‘አንድ ቱርጁማን ዋሸኝ’ ልበል?”

ጀይሉ የላጠው ብርቱካን እጁ ላይ ቀረ። “ይቅር በለኝ” ሊል ነበር፤ ቃሉ ትንሽ ሆነበት።

“ሴትየዋ ዘራች?” አለ ኢሳ ኻን ቆይቶ።

“እየዘራች ነው።”

“መልካም፣” አለ፣ ፊቱን ወደ ሸራው አዞረ። “አሁን ሂድ። ደክሞኛል።”

ጀይሉ በዚያው ወንዙን ተሻግሮ ካፒቴኑ ዘንድ ገባ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ካፒቴኑ ብቻውን ነበር።

“ጀማዳሩ ማዕረጉን ሊያጣ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“እርስዎ አዝዣለሁ ቢሉ ይተርፋል።”

“አላዘዝኩማ!”

“አልቃወምም ብለዋል።”

“አልቃወምም እና አዝዣለሁ አንድ አይደሉም። ይህን ከአንተ የበለጠ ማን ያውቃል?” ካፒቴኑ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። “የኛ ንጉሥ በየዓመቱ ለንደን ላይ ምክር ቤት ገብቶ ‘መንግሥቴ ይህን ያደርጋል’ እያለ ያነባል። የጻፉት ሚኒስትሮቹ ናቸው። ይስማማ አይስማማ የሚጠይቀው የለም። አንዴ ካነበበው ግን ቃሉ የሱ ነው። ለሱ እንዲህ ያለው ያምርበታል፤ ጥፋቱ ቢኖር ሚኒስትሮቹ ይጠየቃሉ። እኔ ግን ንጉሥ አይደለሁም፣ ጀይሉ። ከኋላዬ የሚጠየቅልኝ የለም። አንተም ያላልኩትን ‘ብሏል’ አልክብኝ።”

“ብያለሁ።”

“ሂድ እባክህ። ሂድልኝ።”

ጀይሉን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ረቢዓ “ያስሩሃል?” ብላ ጠየቀችው፤ “የሚያስረኝ ቢኖር ደስ ባለኝ፣” አላት። በማግሥቱ ረፋዱ ላይ የሻለቃው ሾፌር መጥቶ ምርመራው እንዳበቃ ነገረው። ካፒቴኑ ጠዋት ሻለቃውን አስጠርቶ፣ “ወባው ይዞኝ ስለነበር ዘንግቼው ነው፤ ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ” ብሎ በፊርማው አረጋግጦ ነበር። ሻለቃው አላመነውም፤ ግን ፊርማ ፊርማ ነው።

ካፒቴኑ ከሥልጣኑ ውጪ በማዘዙ ተወቅሶ ወደ ፖርት ሱዳን፣ የዕቃ ግምጃ ቤት እንዲጠብቅ ተላከ። ጓዙ ሲጫን ጀይሉ ሊሰናበተው ሄደ። ካፒቴኑ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለው እንጂ እጁን አልሰጠውም። ኢሳ ኻን ማዕረጉ እንደተጠበቀ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ጀይሉ ወሬውን ሰምቶ አያውቅም። ሙፈቲሹ ደግሞ ጀይሉን ጠርቶ ሻይ አስቀዳለትና ከሥራው አሰናበተው። “ሁለት አለቃ ያለው ቱርጁማን የራሱን ሦስተኛ መንግሥት ያቆማል፣” አለው፤ ቁጣም ቀልድም አልነበረበትም። “አላዝንብህም። ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።”

ጀይሉ ወደ አባቱ ሱቅ ተመልሶ ጨውና ሽንኩርት መሸጥ ጀመረ። ክረምቱ ጥሩ ዝናብ ነበረው። ኅዳር ላይ፣ ጎንደር ተለቀቀች የሚለው ወሬ መተማ በደረሰ ሰሞን፣ ጨው ጭኖ በኮኪት በኩል ሲያልፍ አያ ያረጋል ከማሳው ዳር ሆነው ጠሩት። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል። አገኘሽ እሸት ጠብሳ በሰፌድ አቀረበችለት። ከስታለች፤ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም።

ከቁርቁራው ሥር ያለችው ቁራጭ መሬት ግን በእሾህ ታጥራ፣ ሣር በቅሎባት ቆማለች።

“ኧረ እስቲ ንገረኝ፣” አሉ አያ ያረጋል፣ “ንጉሣችን አዲስ አበባ ገቡ። ጎንደርም ተለቀቀች። ያቺን የቀረችውን ማን ያንሳልን?”

“ግራዝማችን ቢጠይቋቸውስ?”

“ጠየቅናቸው። ወደ ጎንደር ሲያልፉ በቅሏቸውን ይዤ ነው የጠየቅኋቸው። ‘እንግሊዞቹ ገና አልወጡም፣ እነሱን ጠይቁ’ አሉን። አዲሱን ካፒቴን ደግሞ አስጠየቅነው፤ ‘ንጉሣችሁ ገብተዋል፣ እሳቸውን ጠይቁ’ አለን።”

አገኘሽ ትኩሱን እሸት መርጣ አቀበለችው።

“ብላ፣ ይቀዘቅዛል፣” አለችው። “የቻልነውን ያህል ዘርተናል።”

ቁጭ ብለው በሉ። አያ ያረጋል ጥቂት እንደበሉ ዱላቸውን እንደተደገፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አገኘሽ ነጠላዋን አንስታ ፊታቸውን ከፀሐይ ከለለችላቸው። ጀይሉ እንዳይቀሰቅሳቸው በቀስታ ተነስቶ አህዮቹን ነዳ፤ ጭልጋ እስኪደርስ ገና ብዙ መንገድ ይቀረው ነበር።